ሃያ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ የመልስ ፋይል፦ ዴቢያንን በስክሪፕት መጫንና ማሻሻል

ዴቢያን ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት በእጅ መጫን ከባድ ሥራ አይደለም። ጫኚው ይጠይቃል፣ እናንተ ትመልሳላችሁ፦ ቋንቋ፣ ኪቦርድ፣ የኮምፒውተሩ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ ዲስኩ እንዴት እንደሚከፈል፣ የትኞቹ ፕሮግራሞች እንደሚገቡ። ሃያ አራት ኮምፒውተር ባለበት ክፍል ግን ችግሩ ድካሙ ሳይሆን ልዩነቱ ነው። አሥረኛው ላይ ሲደረስ እጅ ይዝላል፤ አንዱ ላይ የሰዓት ክልሉ ሳይመረጥ ይታለፋል፣ ሌላው ላይ ዲስኩ በተለየ መንገድ ይከፈላል፣ ሦስተኛው ላይ የአማርኛ መጻፊያው ይረሳል። በዚያን ቀን ማንም አያስተውለውም። ከሁለት ዓመት ግድም በኋላ አዲስ እትም ወጥቶ ሁሉንም እናሻሽል ሲባል ነው እያንዳንዱ የየራሱን ጉድ የሚያወጣው።

መጫኑን በስክሪፕት፣ ማለትም አስቀድሞ በፋይል በተጻፈ ትዕዛዝ፣ አድርጉት የምለው ጊዜ ለመቆጠብ አይደለም። የመጀመሪያው ስክሪፕት ተጽፎ እስኪሠራ የሚወስደው ጊዜ በእጅ ከመጫን ሊበልጥ ይችላል። የምለው ስለ ማሻሻያው ቀን ነው። አንድ ዓይነት ሆነው የተጫኑ ኮምፒውተሮች ሲታመሙም አንድ ዓይነት በሽታ ነው የሚታመሙት፤ መድኃኒቱ አንዴ ከተገኘ ለሁሉም ይሆናል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጥገና ቤት አለኝ፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የአንድ ማሠልጠኛ ኮምፒውተር ክፍል እከታተላለሁ። የክፍሉ ኮምፒውተሮች ከየመሥሪያ ቤቱ ያገለገሉ፣ ከየዓይነቱ የተሰባሰቡ ናቸው። መብራት ይሄዳል፣ ኢንተርኔቱ ለሁሉም አንድ ላይ ሲከፈት ይንቀረፈፋል። የፈጣን መስመርና የማይቋረጥ ኃይል ባለቤት ለሆነ ሰው የተጻፈ መመሪያ ሞልቷል፤ ይህ ለኛ ዓይነቱ ሁኔታ ነው። የትዕዛዞቹን ስም በንባባቸው ነው የምጽፈው፤ ትክክለኛ አጻጻፋቸውን ከዴቢያን የመጫኛ መመሪያና የየትዕዛዙ ማብራሪያ ከሆነው የማን ገጽ ታገኙታላችሁ፤ እኔ የማተኩረው በአሠራሩ ላይ ነው።

ከመጻፍ በፊት

መጀመሪያ አንድ ሰርቨር ያስፈልጋል። ትልቅ ነገር እንዳታስቡ፤ ባትሪው ገና የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ከማንኛውም ዴስክቶፕ ይሻላል፣ መብራት ሲሄድ ራሱ ዩፒኤስ ነውና። ስዊቹን ግን አትርሱት፤ ሰርቨሩ በርቶ ስዊቹ ከጠፋ ምንም አልተረፈም። እኔ ስዊቹን በአንዲት ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ሰክቼዋለሁ።

ሰርቨሩ ላይ ሦስት ነገር ይጫናል። ዲኤንኤስማስክ ለኮምፒውተሮቹ አድራሻና ስም ይሰጣል፣ በኔትወርክ ሲነሱም የመጫኛውን ፋይል ያቀብላል። አንድ ትንሽ የዌብ ሰርቨር፣ ለምሳሌ ኤንጂንኤክስ፣ ለጫኚው ጥያቄዎች መልሱን የያዘውን የመልስ ፋይል ያቀርባል። አፕት ካቸር ኤንጂ ደግሞ አንዴ ከኢንተርኔት የወረደን ጥቅል፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም፣ አስቀምጦ ለቀሩት ሃያ ሦስቱ ያድላል። በዝግተኛ መስመር ላይ ይህ ሦስተኛው ባይኖር ሥራው ሁሉ አይታሰብም። በር ቁጥሩ 3142 ነው፤ የሚያስቀምጠውም በኤችቲቲፒ የሚመጣውን ነው። የጥቅል ምንጫችሁን በተመሰጠረው በኤችቲቲፒኤስ ካደረጋችሁት፣ በማዋቀሪያው ከተፈቀደለት አሳልፎ ይልካል እንጂ አያስቀምጥም። ጥቅሎቹ በፊርማ ስለሚረጋገጡ በኤችቲቲፒ መምጣታቸው በመንገድ ላይ ሊለወጡ ይችላሉ ማለት አይደለም፤ የሚያስቀረው ምስጢርነትን ነው፣ ለአንድ የማሠልጠኛ ክፍል ደግሞ ይህ አያሳስበኝም።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ኮምፒውተር እዩት። ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13፣ ትሪክሲ የሚባለው፣ ለ32 ቢት ፒሲ ጫኚም፣ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነልም የለውም። ሰኔ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 12፣ ቡክዎርም፣ ለእነዚህ ኮምፒውተሮች የመጨረሻው ነው። ኤልኤስሲፒዩ የሚለው ትዕዛዝ ማቀናበሪያው 64 ቢት መቻል አለመቻሉን ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ግን 64 ቢት የሚችል ኮምፒውተር ላይ አንድ ሰው የ32 ቢት ሥርዓት ጭኖበት መገኘቱ ነው። እርሱን ለማሻሻል አትልፉ፤ እንደ አዲስ ጫኑት።

ባትሪውን ደግሞ እዩት። የላፕቶፑን ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ የሳንቲም ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለውን። ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ እርሷ የሞተች መሆኗ የተለመደ ነው። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱ ወደ ድሮ ዘመን ይመለሳል። ሰው የሚያማርረው ሰዓቱ ተዛባ ብሎ ነው፤ ጫኚውን የሚያቆመው ግን ሌላ ነገር ነው፦ የዴቢያን ጥቅል አውራጅና ጫኝ የሆነው አፕት የጥቅል ዝርዝሩን ሲያነብ ቀኑ ገና ያልደረሰ ዝርዝር ሆኖ ያገኘዋል፣ አልቀበልም ይላል። መልእክቱን ያላወቀ ሰው ኔትወርኩን ሲፈትሽ ይውላል። የመልስ ፋይሉ ውስጥ ሰዓት ከኔትወርክ ይስተካከል የሚለውን ጥያቄ አዎ ብላችሁ መልሱ፣ የሰዓት ሰርቨሩንም የራሳችሁ ላፕቶፕ አድርጉት፤ ኢንተርኔቱ ቢጠፋም ይሠራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ባትሪዋን ቀይሯት፤ ርካሽ ናት።

የመልስ ፋይሉ

የዴቢያን ጫኚ ጥያቄዎቹን የሚያቀርበው ዴብኮንፍ በሚባል መዝገብ በኩል ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ስም አለው። ፕሪሲድ የሚባለው የመልስ ፋይል እነዚያን ስሞችና የእናንተን መልሶች በመስመር በመስመር የያዘ ተራ ጽሑፍ ነው። አንድ መስመር አራት ክፍል አለው፦ የጥያቄው ባለቤት፣ የጥያቄው ስም፣ የመልሱ ዓይነት፣ መልሱ። በዓይነቱና በመልሱ መካከል አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ይሁን። ሁለት ካደረጋችሁ ሁለተኛው የመልሱ አካል ተደርጎ ይነበባል፤ ከዚያ የኮምፒውተሩ ስም ለምን ተቀባይነት አጣ እያላችሁ ትደክማላችሁ። አምዶቹን አሰልፎ ማሳመር የሚወድ ሰው እዚህ ላይ እጁን ይሰብስብ።

ከባዶ አትጀምሩ። ዴቢያን ለእያንዳንዱ እትም የናሙና ፋይል ያወጣል፤ እርሱን ወስዳችሁ የማያስፈልገውን ሰርዙ። ሌላው መንገድ አንድ ኮምፒውተር በጥንቃቄ በእጅ ጭናችሁ፣ ዴብኮንፍ ዩቲልስ የሚባለውን ጥቅል አስገብታችሁ፣ ዴብኮንፍ ጌት ሰሌክሽንስ በሚለው ትዕዛዝ ጫኚው የመዘገባቸውን መልሶች ማውጣት ነው። ያ ፋይል ግን የማያስፈልግ ጉዝጓዝ የበዛበት ነው፤ እንዳለ አትጠቀሙበት፣ የጥያቄ ስም መፈለጊያ አድርጉት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ዴብኮንፍ ሴት ሰሌክሽንስ ከሲ ምልክቱ ጋር የአጻጻፍ ስህተት ካለ ይነግራችኋል።

የኔ ፋይል ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ማንም የሚገምተው ነው። የሰዓት ክልሉ አፍሪካ ስር አዲስ አበባ። ዋናው ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ ተጨማሪ የሚደገፍ ቋንቋ አማርኛ። ጫኚው ራሱ በአማርኛም ይናገራል፤ ሰው የማያየው መጫን ላይ ግን ትርጉም የለውም። ከጥቅሎቹ ውስጥ ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ፦ የኤስአይኤል አቢሲኒካ ፎንትና አይባስ ኤም17ኤን። ሁለተኛው በላቲን ኪቦርድ አማርኛ ለመጻፍ ያስችላል። እነዚህ በዝርዝሩ ላይ ካልገቡ ሠልጣኙ የመጀመሪያው ቀን ላይ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ያያል።

የይለፍ ቃሉን በግልጽ አትጻፉት። ኤምኬፓስወርድ በሚለው መሣሪያ የተመሰጠረ ቅርጹን አውጥታችሁ ያንን አስገቡ። ይህም ቢሆን ፋይሉ በዌብ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ኔትወርኩ ላይ ያለ ሁሉ ሊያነበው የሚችል ነው። የተመሰጠረን ቃል ቤቱ ወስዶ ረጋ ብሎ የሚፈታ ጎበዝ ሠልጣኝ አይጠፋም፤ እንዲያውም ባይኖር ማሠልጠኛው ምን ያደርጋል። ስለዚህ ሩት የሚባለውን ባለ ሙሉ ሥልጣን መለያ ዝጉትና የራሳችሁን የኤስኤስኤች፣ ከሩቅ ሆኖ መግቢያ የሆነውን፣ ቁልፍ ብቻ አስገቡ። የመጫኛ ሥራ ሲያልቅ ዌብ ሰርቨሩን አጥፉት።

ዲስኩ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ስክሪፕቱ የሚሳሳትበት ቦታ ብዙ ነው፤ የማይመለስ ስህተት ያለበት ግን አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ይህ ነው።

የናሙና ፋይሉ ላይ ዲስኩ ኤስዲኤ ነው ብላችሁ እንድትጽፉ የሚያሳይ መስመር አለ። ኤስዲኤ ማለት ግን ከርነሉ መጀመሪያ ያየው ዲስክ ማለት እንጂ ዋናው ሃርድ ዲስክ ማለት አይደለም። ከፍላሽ አስነስታችሁ ከሆነ ፍላሹ ራሱ ኤስዲኤ ሊሆን ይችላል። አዳዲሶቹ ላይ ያለው የኤንቪኤምኢ ዲስክ ደግሞ ስሙም ሌላ ነው። ከኋላ ሶኬቱ ላይ የአንድ መምህር ውጫዊ ዲስክ ተሰክቶ ቢረሳስ? በፋይሉ ላይ አረጋግጫለሁ የሚሉትን መልሶች ሁሉ አዎ ብላችሁ ስለሞላችሁ ጫኚው አንዴም ሳይጠይቅ ያጸዳዋል።

መፍትሔው ፓርትማን ኧርሊ ኮማንድ የሚባለው መልስ ነው፤ ጫኚው ዲስክ ወደ መክፈል ከመግባቱ በፊት የምትሰጡትን ትዕዛዝ ያስኬዳል። የኔ ትዕዛዝ ሊስት ዲቫይስስ በሚለው መሣሪያ ያሉትን ዲስኮች ሁሉ ይቆጥራል፣ ከርነሉ ተነቃይ ብሎ የመዘገባቸውንና በዩኤስቢ የተያያዙትን ያወጣል፣ የቀረው በትክክል አንድ ከሆነ ብቻ ያንን በዴብኮንፍ መዝገብ ላይ መልስ አድርጎ ያስቀምጣል። ሁለት ከቀሩ ወይም ምንም ካልቀረ መልሱን ባዶ ይተወዋል። ባዶ ሲሆንና ጫኚው ከአንድ በላይ ዲስክ ሲያይ ይቆምና የትኛው ዲስክ ይሁን ብሎ ሰው ይጠይቃል፤ አንድ ዲስክ ብቻ ካየ ግን ሳይጠይቅ ሊወስደው ይችላል። የምፈልገውም ይኸንኑ ነው። ሲጠራጠር የሚቆም ስክሪፕት ከሁሉም ላይ በፍጥነት ከሚያልፍ ስክሪፕት ይሻላል። የማስነሻ ፕሮግራሙ ግሩብ የሚጻፍበትን ዲስክም በዚያው ትዕዛዝ ውስጥ አንድ ላይ ወስኑት፣ አለበለዚያ ሥርዓቱ አንዱ ዲስክ ላይ፣ ማስነሻው ሌላው ላይ ይገኛል። ይህንን ክፍል እውነተኛ ኮምፒውተር ላይ አትሞክሩት፤ ኪውኢሙ ወይም ሌላ ምናባዊ ማሽን (በፕሮግራም የተሠራ ኮምፒውተር) ላይ አንድ ጊዜ ባንድ ዲስክ፣ አንድ ጊዜ በሁለት ዲስክ አስኬዱና እዩ።

አከፋፈሉን በተመለከተ ብዙ ሰው ሆም የሚባለውን የተጠቃሚዎች ክፍል ለብቻው አድርጉ ይላል፤ ሥርዓቱ ሲፈርስ የሰው ሥራ ይተርፋል በማለት። በእጅ ለሚጭን ሰው እውነት ነው። በመልስ ፋይል የሚጫን ኮምፒውተር ላይ ግን አዘገጃጀቱ ዲስኩን ከነክፍሎቹ ነው የሚጠርገው፤ የተለየ ክፍል አያድንም። ትንንሽ ዲስክ ላይ ደግሞ ለሥርዓቱ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ይሆንና በማሻሻያው ቀን ይሞላል። ስለዚህ አቶሚክ የሚለውን፣ ሁሉም በአንድ ክፍል የሚሆንበትን እመርጣለሁ። የሠልጣኞቹ ሥራ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሰርቨሩ ደግሞ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገለበጣል።

ከመልስ ፋይሉ በኋላ የሚመጣው ስክሪፕት

ሌት ኮማንድ የሚባለው መልስ መጫኑ ሊያልቅ ሲል፣ ኮምፒውተሩ ዳግም ከመነሣቱ በፊት የሚሄድ ትዕዛዝ ነው። ሰዎች እዚህ ላይ ሙሉ ገጽ የሚያህል ነገር በአንድ መስመር ሲያጭቁ አያለሁ፤ ስህተት ሲኖር የት እንደሆነ አይታወቅም። የኔ ሁለት ነገር ብቻ ያደርጋል፦ የማዋቀሪያ ስክሪፕቱን ከሰርቨሩ ያወርዳል፣ ከዚያ ኢን ታርጌት በሚለው ትዕዛዝ አዲሱ ሥርዓት ውስጥ ያስኬደዋል። ያው ስክሪፕት ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። ነገ ማስተካከያ ሲኖር፣ ከነገ ወዲያም ማሻሻያ ሲደረግ የሚሄደው ያው ራሱ ነው።

ለዚህም ሲባል አሥር ጊዜ ቢሄድ አንድ ጊዜ እንደሄደ ሆኖ መጻፍ አለበት። በተግባር ይህ ማለት፦ በነባር የማዋቀሪያ ፋይል ጫፍ ላይ መስመር አትጨምሩ፤ ስክሪፕቱ በሄደ ቁጥር መስመሩ ይደጋገማልና። ብዙዎቹ የዴቢያን ፕሮግራሞች በዶት ዲ የሚያልቅ ማውጫ አላቸው፤ የራሳችሁን ትንሽ ፋይል እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጻፉ፣ በሄደ ቁጥርም እንደገና ይጻፍ። ተጠቃሚ ከመፍጠራችሁ በፊት መኖሩን ጠይቁ። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ በስህተት ላይ እንዲቆም፣ ያልተሰየመ ተለዋዋጭ ሲያገኝም እንዲቆም የሚያደርጉትን ሁለት ምልክቶች አስገቡ። የሚያስፈራው የማውጫ ስም የያዘው ተለዋዋጭ ባዶ ሆኖ ሳለ ማጥፊያ ትዕዛዝ ሲሄድ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በመጫኛው ጊዜ የሰጣችሁት የአፕት ካቸር አድራሻ በተጫነው ሥርዓት ላይም ይቀራል። ላፕቶፑን ወስዳችሁ ደሴ ስትሄዱ ኮምቦልቻ ያሉት ኮምፒውተሮች በሙሉ ምንም ማውረድ አይችሉም። ወይ ሰርቨሩ ክፍሉ ውስጥ ቋሚ ይሁን፣ ወይ የማዋቀሪያ ስክሪፕቱ ያንን መስመር ያንሳው።

ስሞቹን ዲኤንኤስማስክ በኔትወርክ ካርዱ ቁጥር መሠረት እንዲሰጥ አድርጉ። አንዱን ረድፍ ቦርከና 1፣ ቦርከና 2 እያልሁ፣ ሌላውን ጦሳ እያልሁ ነው የሰየምሁት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ለምን በቁጥር ብቻ አይሆንም?» ይለኛል። ቦርከና ረድፍ መስኮት በኩል ነው፤ ስልክ ተደውሎ ቦርከና 5 አልነሣ አለ ሲባል ወንበሩ ይታየኛል።

በኔትወርክ ማስነሣት

በኔትወርክ ሲነሡ የሚመጣው ምናሌ ላይ አውቶማቲክ መጫኑ የመጀመሪያው ምርጫ መሆን የለበትም። ቀድሞ የተመረጠው ከራሱ ዲስክ መነሣት ይሁን። ባትሪዋ የሞተች ኮምፒውተር የማስነሻ ቅደም ተከተሏንም ልትረሳ ትችላለች፤ አንድ ቀን ጠዋት መብራት መጥቶ ሁሉም ሲበሩ በኔትወርክ ሊነሡ ይችላሉ። ምናሌው በራሱ ወደ መጫን የሚሄድ ከሆነ ክፍሉ በሙሉ ሰው ሳይነካው ይጸዳል። ሲጫን ብቻ ሰው መጥቶ ይምረጥ፤ እንዲያውም ከመጫኛ ቀን ውጪ ያንን ምርጫ ከምናሌው አውጡት።

በማስነሻ መስመሩ ላይ አውቶ የሚለውን ምልክት፣ የጥያቄ ደረጃውን ክሪቲካል የሚለውን፣ የመልስ ፋይሉን አድራሻ ስጡ። አውቶ ባይኖር የቋንቋና የኪቦርድ ጥያቄዎች የመልስ ፋይሉ በኔትወርክ ከመድረሱ በፊት ይመጣሉ፣ ጫኚውም እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ሲቆም የት እንደቆመ ለማየት በጽሑፉ ጫኚ ላይ ኦልት ከኤፍ4 ጋር መዝገቡን፣ ኦልት ከኤፍ2 ጋር ትዕዛዝ መስጫውን ይከፍታል። ከተጫነ በኋላ መዝገቡ ቫር ሎግ ስር ኢንስቶለር በሚል ማውጫ ይገኛል።

ሁሉንም በአንዴ አታስነሡ። ጥቂቶቹን አስቀድሙ፣ አፕት ካቸር ጥቅሎቹን ይያዝ፤ የቀሩት ከዚያ በኋላ በስዊቹ ፍጥነት ይጫናሉ።

ማሻሻያው

ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው፣ አዲስ እትም ወጣ ተብሎ በማግሥቱ የሚሻሻል ክፍል አያስፈልግም። የቆየው እትም ቢያንስ አንድ ዓመት ያህል የደኅንነት ጥገና ያገኛል። ነገር ግን ሁለት እትም እስኪያልፍ አትቆዩ፤ ከ11 ወደ 13 መዝለል አይደገፍም፣ በ12 በኩል ማለፍ ግዴታ ነው።

ለዚህ ዝግጅቱ በመጫኛው ቀን የሚጀምር አንድ ነገር አለ። የጥቅል ምንጭ ፋይሉ ላይ ስቴብል የሚለውን ቃል አትጻፉ፣ የእትሙን ስም ቡክዎርም ወይም ትሪክሲ ብላችሁ ጻፉ። ስቴብል ካላችሁ አዲሱ እትም በወጣ ቀን ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ሳይነገራቸው ወደዚያ ማየት ይጀምራሉ።

የእትም ማሻሻያ ሐረጎ ዳገትን እንደ መውጣት ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ሆኖ አልሄድም ማለት ይቻላል፣ መሃሉ ላይ ግን መኪና ማዞሪያ የለም። ስለዚህ ስክሪፕቴ በሁለት የተከፈለ ነው፦ መቆም የሚቻልበትና የማይቻልበት።

የመጀመሪያው ክፍል ይመረምራል። እትሙ የጠበቅሁት ነው ወይ? ከአፕት ሥር ጥቅሎቹን የሚጭነው የዲፒኬጂ ኦዲት በሚለው ትዕዛዝ በግማሽ የቀረ ጥቅል አለ ወይ? እንዳይሻሻል የተያዘ ጥቅል አለ ወይ? ዲስኩ ላይ በቂ ቦታ አለ ወይ? ቀኑ ትክክል ነው ወይ? አንዱ ካልተሟላ የኮምፒውተሩን ስምና ምክንያቱን ጽፎ ይወጣል። ከዴቢያን ውጪ የሆኑ የጥቅል ምንጮችን ይዘጋል። ከዚያ ነባሩን እትም እስከ መጨረሻው ጥገና ያደርሰዋል፣ ዳግም ያስነሣዋል። በራሳቸው የሚሄዱትን የአፕት ጊዜ ጠባቂዎች ያቆማል። ቀጥሎ የእትሙን ስም በምንጭ ፋይሉ ላይ ቀይሮ አዲሶቹን ጥቅሎች ማውረድ ብቻ በሚለው ምልክት ያወርዳል። ይህ ክፍል ሠልጣኞች ሥራ ላይ እያሉም ይሄዳል፤ መብራት ቢጠፋ የሚበላሽ ነገር የለም፣ የጎደለው ብቻ እንደገና ይወርዳል። በዚያ ቀን መቀጠል ካልተቻለ የምንጭ ፋይሉን ወደ ነበረበት መመለስ አይረሳ፤ አለበለዚያ አንድ ሰው ትንሽ ፕሮግራም ልጫን ሲል ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ ሥርዓት ይፈጥራል።

ሁለተኛው ክፍል የሚሄደው ሁሉም ጥቅል ዲስኩ ላይ ካለ በኋላ፣ ከኢንተርኔት ምንም በማይጠበቅበት ጊዜ ነው። ይህም መብራት ሊጠፋ የሚችልበትን ጊዜ በጣም ያሳጥረዋል። መጀመሪያ አፕት አፕግሬድ አዲስ ጥቅል ሳያስገባ፣ ከዚያ አፕት ፉል አፕግሬድ። የዴብኮንፍን ገጽታ ኖንኢንተራክቲቭ፣ ማለትም ሰው የማይጠይቅ፣ አድርጉት። የማዋቀሪያ ፋይል ግጭት ሲመጣ ዲፒኬጂ እንዳይጠይቅ ፎርስ ኮንፍዴፍና ፎርስ ኮንፍኦልድ የሚሉትን ስጡ፤ እናንተ የነካችሁት ፋይል ባለበት ይቆያል፣ አዲሱ በዲፒኬጂ ዲስት ቅጥያ አጠገቡ ይቀመጣል። ስክሪፕቱ በመጨረሻ እነዚያን ፋይሎች ፈልጎ ይዘረዝር። ማስተካከያዎቻችሁን በዶት ዲ ማውጫዎች ውስጥ ጽፋችሁ ከሆነ ዝርዝሩ አጭር ይሆናል።

መብራት በዚህ ክፍል መሃል ቢሄድስ? አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲፒኬጂ ኮንፊገር ከኤ ምልክቱ ጋር በግማሽ የቀረውን ይጨርሳል፣ አፕት ፊክስ ብሮክን ኢንስቶል ደግሞ የተጓደለውን ያሟላል። የኔ ሁለተኛ ክፍል ሁልጊዜ የሚጀምረው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ጤነኛ ኮምፒውተር ላይ ምንም አያደርጉም፤ የተቋረጠበት ላይ ካቆመበት ይቀጥላሉ። ስለዚህ ከመቋረጥ በኋላ የሚደረገው ልዩ ነገር የለም፤ ያንኑ ስክሪፕት ዳግመኛ ማስኬድ ነው። አዲሱ ከርነል ካልነሣም አሮጌው በግሩብ ምናሌ ላይ ስላለ አውቶሪሙቭ የሚለውን ጽዳት ኮምፒውተሩ በአዲሱ ከርነል ተነሥቶ ሳታዩ አታስኬዱ።

በኤስኤስኤች ገብታችሁ በባዶው መስመር ላይ ማሻሻያ አትጀምሩ፤ መስመሩ ሲቋረጥ ሥራው አብሮ ይቋረጣል። መስመሩ ቢቋረጥም ሥራውን በሚያስቀጥለው በቲሙክስ ውስጥ ይሂድ። የሚወጣውም ጽሑፍ ሁሉ በኮምፒውተሩ ስምና በቀኑ ወደ ሰርቨሩ ይመዝገብ።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር። በተወሰነ ሰዓት ትዕዛዝ በሚያስኬደው ክሮን ላይ የምትጽፉት ቁጥር በኛ አቆጣጠር አይደለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይሂድ ብላችሁ 8 ብትጽፉ የሚሄደው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሠልጣኞች ገብተው ሲቀመጡ ነው። የሚጻፈው 2 ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ቸኩሎ የማይጽፈው ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው መሞከሪያ የክፍሉ ምርጥ ኮምፒውተር አይሁን። ሜሞሪው ትንሹ፣ ዲስኩ ጠባቡ፣ ሰው የሚሸሸው ይሁን። ትሪክሲ ላይ ለምሳሌ ቲኤምፒ የሚባለው ጊዜያዊ ማውጫ በነባሪነት ሜሞሪ ላይ ነው የሚሆነው፣ እስከ ግማሹም ሊወስድ ይችላል፤ 2 ጊጋባይት ባለው ኮምፒውተር ላይ ትልቅ ፋይል የሚከፍት ሠልጣኝ ይህን ያገኘዋል፣ 16 ጊጋባይት ባለው ላይ ግን ማንም አያየውም። ያ ኮምፒውተር ጥቂት የትምህርት ቀናት ከሠራ በኋላ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ የቀረው።

ሁሉም ሲያልቅ ከሰርቨሩ ሆኖ እያንዳንዱን በኤስኤስኤች የሚጠይቅ አጭር ዙር ጻፉ፦ የዴቢያን እትም፣ የከርነል እትም፣ የቀረ የዲስክ ቦታ፣ ያልተነሣ አገልግሎት። ሃያ አራት መስመር ይወጣል። ከሌሎቹ የተለየው መስመር በዓይን ይታያል።

ከዴቢያን ውጪ ያላችሁም ይኸው አካሄድ ስሙን ለውጦ ታገኙታላችሁ። ሬድ ሃትና ፌዶራ ላይ ኪክስታርት ነው፤ ኡቡንቱ ሰርቨር ከ20.04 ጀምሮ በያምል የሚጻፍ ኦቶኢንስቶል አለው። ፍሪቢኤስዲ ጫኚውን በስክሪፕት ያስኬዳል። ኦፕንቢኤስዲ የመልስ ፋይል ይቀበላል፤ ከ6.6 እትም ጀምሮ ደግሞ ሲስአፕግሬድ በሚባል አንድ ትዕዛዝ አዲሱን እትም አውርዶ፣ ፊርማውን አረጋግጦ፣ ዳግም ተነሥቶ ራሱን ያሻሽላል። ስለ ንጽሕናው ለኔ ከሁሉም የሚያስቀናው እርሱ ነው፤ ነገር ግን በየስድስት ወሩ አዲስ እትም የሚያወጣና የቅርብ ሁለቱን ብቻ የሚደግፍ ሥርዓት ለማሠልጠኛ ክፍል አይመችም፣ ለደጅ ጠባቂ ፋየርዎል ግን ጥሩ ነው።

የመልስ ፋይሉን፣ የማዋቀሪያ ስክሪፕቱንና የማሻሻያ ስክሪፕቱን የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ውስጥ አስቀምጡ፣ የተመሰጠረውን የይለፍ ቃል ግን አውጡት። ዴቢያን 14 ሲወጣ ደግሞ የዘንድሮውን የመልስ ፋይል እንዳለ አትጠቀሙ፤ የጥያቄ ስሞች ከእትም ወደ እትም ይቀየራሉ፣ ስሙ የተቀየረበት መልስም ዝም ተብሎ ይታለፋል። አዲሱን ናሙና ከአሮጌው ጋር የሁለት ፋይሎችን ልዩነት በሚያሳየው በዲፍ አነጻጽሩ፣ የተቀየረውን አስተካክሉ፣ ሁለት ዲስክ ባለው ምናባዊ ማሽን ላይ እንደገና ፈትኑት።